ከላይ የሚጎትት ገመድ

አንድ መካኒክ ነበረ። ስሙ እንግዳወርቅ ይባላል። ከአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር፣ ጀልባዎች ከሚታሰሩበት ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በቆርቆሮ የተሠራ ጋራዥ ነበረው። ጋራዡ አንድ ክፍል ነው። ቀን ይሠራበታል፤ ሲመሽ ዕቃውን ወደ ጥግ ገፍቶ ይተኛበታል። ዕድሜው ስድሳ ሁለት ነበር። ከዚህ ውስጥ ሠላሳ አራቱን ዓመት ያሳለፈው የጀልባ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ነው።

በጋራዡ ውስጥ ሁለት በርጩማዎች ነበሩ። በአንዱ ላይ እሱ ይቀመጣል። በሌላው ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አልተቀመጠም፤ ቡሎንና ዳዶ የሞላበት ጣሳ ተቀምጦበታል።

የጀልባ ሞተር ማስተካከል የሁለት ሰው ሥራ ነው። የነዳጅ መስጫው እጀታ ያለው ከጀልባው ፊት፣ ከመሪው አጠገብ ነው። ሞተሩ ያለው ከኋላ ነው። ስለዚህ አንዱ ከፊት ቆሞ እጀታውን ይይዛል፤ ሌላው ከኋላ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ያዳምጣል። ከኋላ ያለው «ስጥ!» ሲል ከፊት ያለው እጀታውን ይገፋል። «ልቀቅ!» ሲል ይመልሳል። በዚያ ሐይቅ ዳር ያሉ መካኒኮች ሁሉ የሚሠሩት እንዲህ ነበር። እንግዳወርቅም ሃያ ሦስት ዓመት እንዲሁ ሠርቷል። ከፊት የሚቆመው ኩምሳ የሚባል ጓደኛው ነበር።

አንድ ቀን ሁለቱ ጠግነው ያስረከቡት የዓሣ አስጋሪዎች ሞተር በማግስቱ ሐይቅ ላይ ነደደ። ሲፈተሽ የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን አልጠበቀም፤ ዘይቱ ፈስሶ አልቋል። አስጋሪዎቹ ጋራዡ በር ላይ ተሰበሰቡና አለቃቸው ጠየቀ፦

«ይህን ቡሎን ሳያጠብቅ የተወው ማነው?»

እንግዳወርቅ አያውቅም ነበር። እሱ ኩምሳ ያጠበቀው መስሎታል። ኩምሳም እሱ ያጠበቀው መስሎታል። ሰዉ ሁሉ ግን ወደ እንግዳወርቅ እያየ ነበርና ከአፉ አንድ ቃል ወጣ፦

«እሱ ነው።»

ኩምሳ አልተከራከረም። በእጁ የነበረውን መፍቻ በርጩማው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መረብ እየጠገነና ዓሣ እያሰገረ ይኖራል። እንግዳወርቅ ስለ እሱ ሲጠየቅ «ቤቱ ከዚህ አራት መቶ እርምጃ ነው፤ ከፈለጋችሁት ሂዱ» ይል ነበር። እሱ ራሱ ግን ሄዶ አያውቅም። ኩምሳም አልመጣም።

እንግዳወርቅ ሌላ ሰው አልቀጠረም። «ሰው ሲበዛ ስህተት ይበዛል» ይላል። በሰው ምትክ አንድ ዘዴ ፈጠረ። ከጣሪያው ወጋግራ ላይ ትንሽ መዘውር ሰቀለ። በመዘውሩ ላይ ቀጭን ገመድ አሳለፈ። የገመዱን አንድ ጫፍ ከካርቡራተሩ ጋር ያስረዋል፤ በሌላው ጫፍ ውኃ የሞላበት፣ ሃይላንድ የሚባለውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ያንጠለጥላል። ሃይላንዱ ሳጥን ላይ ይቀመጣል። ነዳጅ መስጠት ሲፈልግ በጉልበቱ ገፋ ያደርገዋል፤ ሃይላንዱ ይወርዳል፣ ገመዱ ወደ ላይ ይጎትታል፣ ሞተሩ ይጮኻል። መቀነስ ሲፈልግ ሃይላንዱን ወደ ሳጥኑ ይመልሰዋል።

ሰዎች ይህን አይተው ይስቁ ነበር። «ጋሽ እንግዳወርቅ ገመድ ቀጥሮ ያሠራል» ይላሉ። «ደመወዝ አይጠይቅ፣ አያረፍድ፣ አይከራከር!» እሱም ይህን እንደ ምስጋና ይወስደው ነበር።

አንድ ነገር ግን ማንም ልብ አላለም። በሩ ተዘግቶ ብቻውን ሲሠራም፣ ሃይላንዱን በጉልበቱ ሲገፋ «ስጥ!» ይላል። መልሶ ሲያነሣው «ልቀቅ!» ይላል። ድምፁ ቆርቆሮውን መትቶ ይመለሳል። ከዚያ ሥራውን ይቀጥላል።

ገመዱ አሥራ አንድ ዓመት በደንብ አገለገለው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወደ ጋራዡ የሚመጡት ሞተሮች ሁሉ ባለ አንድ ካርቡራተር ነበሩ። ካርቡራተር አየርና ቤንዚን አደባልቆ ለሞተሩ የሚሰጥ ዕቃ ነው። አንድ ብቻ ሲሆን ከላይ ቢጎትቱት ከታች ለውጥ የለውም፤ ያው ይከፈታል፣ ያው ይዘጋል።

አንድ ቀን አመዘነች የምትባል ሴት መጣች። አመዘነች ከሐይቁ መካከል ባለችው ደሴት የምትኖር ባለ ጀልባ ናት። ደሴቲቱን ጋራዡ ካለበት ከተማ ጋር የምታገናኝ የሞተር ጀልባ የእሷ ብቻ ነበረች። አሮጌው ሞተሯ ሲያልቅ፣ አንድ ሀብታም በሌላ ሐይቅ ላይ ለሽርሽር ሲጠቀምበት የኖረ ሞተር ገዝታ ነበር። ሞተሩ ኃይለኛ ነው። ሦስት ካርቡራተሮች አሉት፤ አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረዋል። ከእጀታው የሚመጣው ሽቦ የታችኛውን ይስበዋል። ከታችኛው የተነሣ ቀጭን የብረት ዘንግ ደግሞ መካከለኛውንና የላይኛውን አብሮ ይከፍታል። ሦስቱ እኩል ካልተከፈቱ ሞተሩ ባዶውን ያጓራል እንጂ ጭነት አይችልም።

«ትንሽ አፈን አፈን ይለዋል» አለች አመዘነች። «ሰው ስጭን ይንገዳገዳል።»

እንግዳወርቅ ሞተሩን ማቆሚያው ላይ ሰቀለው። ክዳኑን አነሣ። ገመዱን ለመዘውሩ በሚቀርበው፣ በላይኛው ካርቡራተር ላይ አሰረ። የአንድ ቀጭን የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮው ውስጥ ከቶ በሌላው ጫፍ የሦስቱን ካርቡራተሮች የአየር ፉጨት ተራ በተራ አዳመጠ። የታችኛው ከሁለቱ ዘግየት ብሎ ይከፈታል። ካቻቢቴ አንሥቶ የታችኛውን ማስተካከያ ቡሎን ሦስቱም በአንድ ድምፅ እስኪያፏጩ ድረስ አዞረው። ሞተሩ አማረበት። ለማንም የሚያስደስት ድምፅ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ አመዘነች በመቅዘፊያ እየቀዘፈች ተመለሰች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል።

«ጋሽ እንግዳወርቅ፣ ይህ ሞተር አንተ ጋ ሲሆን ይዘፍናል፣ እኔ ጋ ሲመጣ ይሞታል። ጠልቶኝ ነው ወይ?»

እንግዳወርቅ ሞተሩን ሰቀለ፤ ገመዱን አሰረ፤ ሃይላንዱን ገፋ። ሞተሩ ዘፈነ።

«ስሚ እንግዲህ። ምን ይጎድለዋል?»

«እዚህማ ምን ይጎድለዋል! ሐይቁ እዚህ የለማ።»

«ጭነት አብዝተሽበት ይሆናል።»

«ስምንት ሰውና ሁለት ፍየል ነው የጫንኩት። ፍየሎቹን ዋኙ ልበላቸው?»

ሁለተኛውን ጥገና አራት ቀን ፈጀበት። ሦስቱንም ካርቡራተሮች ፈታ፤ አጠበ፤ ቀዳዳዎቻቸውን በቀጭን ሽቦ አጸዳ። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ቀየረ። የቤንዚን ማጣሪያውን ቀየረ። መልሶ ገጠመና ገመዱን አስሮ አዳመጠ። ሦስቱ ፉጨቶች እንደ አንድ ነበሩ። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን አመዘነች እንደገና በመቅዘፊያ መጣች። በዚህ ቀን አልቀለደችም።

«ሰኞ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው» አለች። «ከደሴቲቱ አሥራ አራት ልጆች ይፈተናሉ። የፈተናው ግቢ በር ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። በሞተር ሃምሳ ደቂቃ ነው። በመቅዘፊያ ደግሞ አየሩ ጥሩ ሲሆን እንኳ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ባለፈው ዓመት አሮጌው ሞተሬ ተበላሽቶ በመቅዘፊያ የመጡት ዘግይተው ስድስቱ ከበር ተመልሰዋል። እንዳናሳድራቸው ከተማ ውስጥ ቤት የለንም። እኔ ለወላጆቻቸው በሞተር አደርሳለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።»

እንግዳወርቅ ሞተሩን ተመለከተ። በሠላሳ አራት ዓመት ሥራው ሁለት ጊዜ የተመለሰበት ሞተር አልነበረም።

«ቅዳሜ እኔ ራሴ ሐይቅ ላይ አውጥቼ እፈትነዋለሁ» አለ። «እዚያም እምቢ ካለኝ መፍቻዬን አስቀምጣለሁ። ከዚያ ወዲያ መካኒክ አትበይኝ።»

«አብሬህ ልውጣ። እጀታውን እኔ እይዝልሃለሁ፣ አንተ ሞተሩን እያየህ...»

«ሰው አያስፈልገኝም።»

አመዘነች በርጩማው ላይ የተቀመጠውን የቡሎን ጣሳ አየችና እሱን አየችው።

«አንተ ሰው አያስፈልገኝም ትላለህ፤ ሞተሩ ግን ሰው ሊጭን ነው» አለች። ከበሩ ስትወጣ ዞር ብላ ጨመረች፤ «ከስምንት ሰዓት በፊት ተመለስ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለት ተሸካሚዎች ሞተሩን የአመዘነች ጀልባ ላይ ሰቅለውለት ሄዱ። እንግዳወርቅ የልጆቹን ክብደት የሚተካ ነገር ያስፈልገው ነበር። አሥራ አራት ከረጢቶች በአሸዋ ሞላ። እያንዳንዱን ወደ አርባ ኪሎ አደረገው። ጀልባዋ ሚዛን እንዳትስት ሁለት ሁለት አድርጎ መቀመጫዎቹ ላይ ደረደራቸው። ሰባት ረድፍ ሆኑ። ከሩቅ ያየ ሰው ጀልባዋ ተሳፋሪ የሞላች ይመስለው ነበር።

ከወደቡ ቀስ ብሎ ወጣ። ሞተሩ በዝግታ ሲሄድ ደህና ነበር። ጥልቁ ላይ ሲደርስ እጀታውን ወደ ፊት ገፋው። ጀልባዋ ተንቀጠቀጠች፤ ሞተሩ ታፈነ፤ ጠፋ።

አስነሥቶ እንደገና ገፋው። ጠፋ።

በከረጢቶቹ መካከል አልፎ ወደ ኋላ ሄደ። ክዳኑን አነሣ። ሞተሩን አስነሥቶ የላይኛውን ካርቡራተር በጣቱ ወደ ላይ ሳበው። ሞተሩ ዘፈነ። ልክ እንደ ጋራዡ።

ወደ ፊት ተመለሰ። እጀታውን ገፋ። ታፈነ፤ ጠፋ።

ከእጀታው እስከ ሞተሩ ስድስት እርምጃ ነው። ይህን ስድስት እርምጃ ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሰ። ከኋላ ሆኖ ሲስበው ይሠራል። ከፊት ሆኖ ሲገፋው ይጠፋል። እንግዳወርቅ ሠላሳ አራት ዓመት የሠራ ሰው ነውና ነገሩ ምን እንደሚል ገባው፤ ጥፋቱ የሚታየው እጀታው ሲገፋ ብቻ ነው። እጀታው ሲገፋ ደግሞ እሱ ከፊት ነው። ከፊት ሆኖ የሚያየው የከረጢቶቹን ጀርባ ነው።

ሞተሩ ላይ እንደ ድሮው ጎንበስ አለ። ዓይኑን ዘንጉ ላይ ተከለና ጮክ ብሎ «ስጥ!» አለ።

አሥራ አራቱ ከረጢቶች ዝም አሉ።

ሰዓቱን ሲያይ ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ነፋሱ ከደቡብ ተነሣ። ሞተሩን ለአሥረኛ ጊዜ ሊያስነሣ ሲሞክር እምቢ አለው፤ ካንዴላዎቹ በቤንዚን ርሰዋል። ጀልባዋ ከነጭነቷ ወደ ጎን መንሸራተት ጀመረች። መቅዘፊያ ነበረው። ግን አምስት መቶ ስድሳ ኪሎ አሸዋ ለብቻው የሚቀዝፍ ሰው የለም። አሸዋውን ሐይቅ ውስጥ ጥሎ፣ ቀዝፎ መመለስ ይችላል። ያን ካደረገ ግን ጥፋቱን ሳያገኝ ይመለሳል፤ ሰኞ የሚሆነውንም ያውቃል።

ሐይቁ ላይ ከእሱ ሌላ አንድ ጀልባ ብቻ ነበረች። ትንሽ የእንጨት ጀልባ ናት፤ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ርቃ ቆማለች። በውስጧ አንድ ሰው መረብ ይስባል። እንግዳወርቅ ከወደብ ከወጣ ጀምሮ አይቷት ነበር። የማን እንደሆነች ስለሚያውቅ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ነው የቆየው። አሁን ጀልባዋ ራሷ እየዞረች ፊቱን ወደዚያች ጀልባ አዞረችው።

ተነሥቶ ቆመ። እጆቹን በአፉ ዙሪያ አደረገ። ያን ስም ጮኾ ከጠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ጠራው።

«ኩምሳ!»

ሰውዬው ቀና አለ። አየው። ከዚያ ተመልሶ መረቡን መሳብ ቀጠለ። እንግዳወርቅ ደግሞ አልጠራም። ቆሞ ጠበቀ። ኩምሳ መረቡን እስከ መጨረሻው ስቦ፣ አጣጥፎ፣ ዓሣዎቹን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ሲጨርስ ሩብ ሰዓት ሆነ። ከዚያ መቅዘፊያውን አነሣ።

ሲደርስ ጀልባዋን በእጁ ይዞ በመጀመሪያ ያየው ከረጢቶቹን ነበር።

«ተሳፋሪዎችህ ጨዋዎች ናቸው» አለ። «አንዱም አይናገር።»

«ሰኞ በሚፈተኑት ልጆች ፋንታ ነው።»

«ሰምቻለሁ። የወንድሜ ልጅ አለችበት።» ኩምሳ ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። እንግዳወርቅ ይህን አያውቅም ነበር። «እና ለምን ጠራኸኝ? ልጎትትህ?»

«አይደለም። እጀታውን ያዝልኝ።»

«ገመድህስ?»

«ጋራዥ ነው ያለው።»

«ጥሩ ገመድ ነው ይሉታል። እርግጥ ነው ገመድ ጥሩ ነው፤ በሰው ፊት ቢሰድቡትም ጥሎ አይሄድም።»

ኩምሳ ጀልባውን ከጎን አሰረ። እግሩን አንሥቶ ገባ። በከረጢቶቹ መካከል አልፎ ከፊት ቆመ፤ እጀታውን ያዘ። ጀርባው ወደ እንግዳወርቅ ነበር። ድሮም እንዲሁ ነበር የሚቆመው።

እንግዳወርቅ ጎንበስ አለ።

«ስጥ» አለ።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ እጀታው ተገፋ። እንግዳወርቅ አየ። የታችኛው ካርቡራተር ወዲያው ተከፈተ። ዘንጉ እንደተነቃነቀ ጥርስ ወዝወዝ አለ። መካከለኛውና የላይኛው ግን ባሉበት ቆሙ፤ የታችኛው ግማሽ ያህል ከተከፈተ በኋላ ነው እነሱ የተነሡት።

«ልቀቅ።»

ተመለሰ።

«ስጥ።»

ያው ሆነ። ዘንጉ ከታችኛው ካርቡራተር ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ። እዚያ ሽንብራ የምታህል፣ መሃሏ ቀዳዳ የሆነ የናስ ሙዳይ አለች፤ ዘንጉን የምትይዘው እሷ ናት። ከዓመታት አገልግሎት ብዛት ተበልታ ሰፍታለች። ክፍተቷ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ከላይ ሲጎተት በዚያ ክፍተት ምክንያት የታችኛው ይዘገያል፤ ከታች ሲጎተት የላይኞቹ ሁለቱ ይዘገያሉ። እሱ ገመዱን ከላይ አስሮ የታችኛው ሲዘገይ ሰምቶ፣ እንዲቀድም አድርጎ ቡሎኑን አዙሮታል። እጀታው ከታች ሲጎትት ታዲያ የታችኛው ሁለት ጊዜ ይቀድማል፤ አንዴ በክፍተቱ፣ አንዴ በእሱ ካቻቢቴ። አንድ ሚሊሜትር ተኩል የነበረውን ጥፋት ሦስት ያደረገው የራሱ ጥገና ነበር።

«ምን አገኘህ?» አለ ኩምሳ ሳይዞር።

«ካርቡራተሮቹ ደህና ናቸው። ሦስቱም። ያለቀው መገናኛቸው ነው።»

«ይህን ለማየት ነው ሁለት ሳምንት የፈጀብህ?»

«እኔ ስጎትተው ይገጥማል።»

ኩምሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሳቁ አጭር ነበር። «አንተ ስትጎትተው የማይገጥም ምን አለ!» አለ።

ጥገናው ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ኩምሳ ከመረብ መስፊያው ላይ ጥቂት የናይለን ክር መዝዞ ሰጠው። እንግዳወርቅ ክሩን በዘንጉ ጫፍ ላይ አጥብቆ ጠመጠመና ወደ ሙዳይዋ መልሶ ጫነው፤ መወዝወዙ ቆመ። የማስተካከያውን ቡሎን ወደ ነበረበት አዞረ። ካንዴላዎቹን ፈትቶ በሸሚዙ አደረቀ፤ ገጠመ። ከዚያ ሞተሩን አስነሡ።

«ስጥ!»

ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ከነአሸዋዋ ሄደች። የኩምሳ ትንሽ ጀልባ በጎኗ እየዘለለች ተከተለቻት።

«ልቀቅ!»

ሞተሩ ዝግ አለ። ቀጥሎ እንግዳወርቅ ዓይኑን ከሞተሩ ሳያነሣ ተናገረ።

«ያን ዕለት... ቡሎኑን ማን እንዳላጠበቀው አላውቅም ነበር።»

«እኔም አላውቅም ነበር» አለ ኩምሳ። «አንተ ግን የምታውቅ መሰልክ።»

«አዎ።»

ነፋሱ በመካከላቸው አለፈ። ኩምሳ እጀታውን ለቆ በከረጢቶቹ መካከል ወደ ኋላ መጣ።

«አሁን ያዞርከውን ቡሎን አጥብቀኸዋል?»

«አጥብቄዋለሁ።»

«እስቲ እኔም ልየው።»

ካቻቢቴውን ከእጁ ወሰደና ቡሎኑን ሞከረው። ጥብቅ ነበር። ካቻቢቴውን መለሰለት። ከዚያ ወደ ራሱ ጀልባ ተሻግሮ ገመዷን ፈታና ዓሣው ሳይበላሽበት ወደ ከተማው ቀዘፈ።

ሰኞ ጠዋት አመዘነች አሥራ አራቱን ልጆች ይዛ በአርባ ስድስት ደቂቃ ወደብ ደረሰች። የፈተናው ግቢ በር ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር። ለእንግዳወርቅ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሞተሩ ታረቀኝ።»

እንግዳወርቅ ከዚያ በኋላ የተበላችውን ሙዳይ በአዲስ ናስ ቀርጾ ተካት። ገመዱን ከመዘውሩ ላይ አላወረደውም፤ ባለ አንድ ካርቡራተር ሞተር ሲመጣ ዛሬም ይጠቀምበታል። ኩምሳም ወደ ጋራዥ ሥራ አልተመለሰም፤ መረቡን ለምዶታል፣ ዓይኑም ደክሟል። ያለፈው አሥራ አንድ ዓመት እንዳለፈ ቀረ። አብዛኛውን ቀን እንግዳወርቅ አሁንም የሚሠራው ብቻውን ነው።

ሁለት ሰው የሚፈልግ ሞተር ሲመጣ ግን እጁን ጠርጎ ወደ ኩምሳ ቤት ይሄዳል። በመጀመሪያው ቀን ሲሄድ እርምጃውን ቆጠረ። ሁለት መቶ ሰባ ሆነ። አራት መቶ ይል የነበረው ሳይሄድበት ነው። የቡሎኑ ጣሳም ከበርጩማው ላይ ወርዶ አሁን መሬት ላይ ተቀምጧል።

የታሪኩ ትምህርት ይህ ነው። የእንግዳወርቅ ገመድ አልተበጠሰም፤ ጆሮውም አልሰነፈም። ችግሩ ሁልጊዜ ራሱ ከቆመበት በኩል መጎተቱ ነበር፤ ከቆምንበት በኩል ስንጎትተው ደግሞ ሁሉም ነገር ይገጥማል። ራሱን ብቻውን የሚመረምር ሰው ጥፋቱ ከሚደበቅበት ወገን ይጀምራል፤ ባላየው ነገር ላይ የሚያደርገው ማስተካከያም ጥፋቱን እጥፍ ያደርገዋል። በሰውና በሰው መካከል የላላውን ነገር ለማየት ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝ ሌላ እጅ ያስፈልጋል፤ ያን እጅ ለማግኘት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ አንድ ስም ጮኾ መጥራት፣ ከዚያም ሰውዬው መረቡን እስኪያጣጥፍ ድረስ ቆሞ መጠበቅ ግድ ይሆናል።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ «ስጥ» ሲሉ ከወዲያኛው ጫፍ የሚሰማዎት ማን አለ? በመካከላችሁ ስንት እርምጃ አለ? ቁጥሩን ያወቁት ሄደው ቆጥረው ነው ወይስ ሳይሄዱ ገምተው?